ድምፅ ያልነበረው ጥሎ ማለፍ

ኳስ የሚባል ነገር ነፍሴ አትወድም ነበር። ሜዳው ያለው ከቤታችን አጥር ሥር ስለሆነ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ኳስ አጥር ዘሎ ባቄላችን ላይ የሚያርፈውን ነው፤ የማውቀው ተጫዋች ደግሞ እሱን ፍለጋ ገብቶ ባቄላውን የሚረመርመውን። እናቴ ግን ትወዳቸው ነበር። ኳሱን ራሷ አንስታ ትወረውርላቸዋለች፤ ጨዋታው ሲያልቅም የአጥሩ በር ላይ ቆማ የገብስ ቆሎ በየተራ ታዘግናቸዋለች። እኔ ስቆጣ "ተያቸው፣ በዓመት በዓል ቀን ምን ይሥሩ?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። በእኛ አገር በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም፣ ማጭድ አይነሳም፤ ከቅዳሴ በኋላ ያለውን ረጅም ቀን ወጣቱ የሚያሳልፈው እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

እናቴ ያረፈችው ክረምት ላይ ነው። ታመመች፣ ተኛች፣ አልተነሳችም፤ ከዚህ በላይ እንድጽፈው አትጠይቁኝ። እናቴን አንቺ፣ አባቴን አንቱ እያልሁ ስላደግሁ እዚህም ላይ አባቴን አንቱ ማለቴ አይቀርም። አባቴ ጥቁር ለበሱ፣ ፂማቸውን ለቀቁት፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም መሄድ ተዉ። እዚያም ቢሆን ሰው ሳይነቃ በጓሮ ወጥተው በጓሮ ይመለሳሉ። አርባዋ ወጣ፣ ሰማንያዋ ወጣ፣ ሙት ዓመቷም ወጣ። እኔ ጥቁሬን አወለቅሁ፤ እሳቸው እንደ ለበሱ ቀሩ።

በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ በራሱ ተነሥቶ ከሐዘን አይወጣም፤ ያስወጡታል። ሽማግሎች የነፍስ አባቱን ይዘው ይመጣሉ፣ ቆመው ይለምናሉ። እሱ "ገና ነኝ" ይላል፣ እነሱ "ይብቃዎ" ይላሉ፤ በመጨረሻ እሺ ሲል ይላጫል፣ ይታጠባል፣ ነጭ ይለብሳል። እምቢታውም ልመናውም የወጉ ነው። አባቴ ግን እምቢታውን ከወጉ አሳለፉት። በመጀመሪያው ቀን "ገና ነው" ብለው ሰደዷቸው፤ ይሁን ተባለ። በሁለተኛው ቀን አንድ ቃል ሳይናገሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የነፍስ አባታችን ሽማግሎቹን ይዘው ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆም አሉና "ሦስተኛ የምንመጣበት እግር የለንም። ሲሹ ይላኩብን" አሉኝ። አባቴ የሚልኩ ሰው አይደሉም። የነፍስ አባታችንም ካልተላከባቸው የሚመጡ ሰው አይደሉም።

እኔ መሀል ቤት ቀረሁ። ቀን በሰፈራችን ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ማታ እመለስና የቀረበላቸውን እህል እየነካኩ ሲተዉት አያለሁ። ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ተበጀለት፣ ያም አልበቃ ብሎ ሌላ ተጨመረ። አንድ ቀን እሷን ተከትለው እንዳይሄዱብኝ ፈራሁ። የዚያን ዓመት ጭንቀቴ ይኸው ብቻ ነበር።

የዋንጫው ነገር የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የተሰባሰቡ ቡድኖች የሚገጥሙበት ጥሎ ማለፍ፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ፣ ያሸነፈ ወደሚቀጥለው ዙር። የእኛ ቡድን አምበል በረኛውም እሱ ነው። አራተኛ ክፍል አስተምሬው ነበር፤ አሁን በግ ነጋዴና የልጆች አባት ሆኗል። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

"ቲቸር፣ እጣው ጨዋታውን እኛ ሜዳ ላይ ጣለው" አለኝ።

"ታዲያ እሰየው ነዋ።"

"አባባ ገና ጥቁር ናቸው። ከአጥራቸው ሥር እንዴት ብለን እንጮኻለን?"

"ሙት ዓመቷ ካለፈ እኮ ቆየ። ማንም አይናገራችሁም።"

"ሰው ባይናገረንስ? ቆሎዋን በልተናል እኮ" አለና ኮፍያውን በእጁ አዟዟረው። "እንጫወታለን፤ አንጮኽም። ብቻ ለእሳቸው እንዳይነግሩብን። ካወቁ ይጨነቃሉ።"

ሳቅሁበት። ሰው ሁሉ በአንድ ላይ አፉን ይዞ ኳስ ያያል ብዬ ማን ይቀበለኝ? የመጀመሪያው ዙር ቀን ግን ሥራ ፈትቼ፣ እንዴት እንደሚሆን ልይ ብዬ፣ ከአጥሩ ውጭ ወጥቼ ቆምሁ።

የመጡት ከዘመሮ በኩል ነበር። አምበላችን ሄዶ ነገሩን ሲነግራቸው፣ የዘመሮ ልጆች አንድ ጊዜ ወደ ቤታችን ጣራ አዩና "ይሁን" አሉ፤ ለእነሱ የሚያስረዳቸው አላስፈለገም። ያስቸገረው ዳኛው ነው። ከተማ የኖረ፣ አዲስ ቱታ የለበሰ ሰው ነበር። "ያለ ፊሽካ እንዴት አድርጌ ላጫውት?" እያለ ቁጣ ቁጣ አለው። ብዙ ከተለመነ በኋላ ፊሽካውን ኪሱ ከቶ ነጭ መሀረብ ያዘ። ጥፋት ሲያይ መሀረቡን ያነሣል፤ ተጫዋቹ ደግሞ መሀረብ ፍለጋ ዞር ብሎ አያይም፣ ይነዳል። ዳኛው ከኋላ ከኋላ እየሮጠ ትከሻቸውን እየነካ ነበር የሚያስቆማቸው። ከሁለቱም ቡድን የበለጠ የሮጠው እሱ ነው።

ጎል የገባ ጊዜ የሆነውን አልረሳውም። ያገባው ልጅ ሁለት እጁን አፉ ላይ ከድኖ ሜዳውን ዞረ። ጓደኞቹ ተከምረው አቀፉት፤ ከተቆለሉበት ሥር የሚሰማው ማለክለክ ብቻ ነው። ዳር ያለው ሰው፣ ሴቱም ወንዱም፣ ነጠላውንና ጋቢውን አንሥቶ አውለበለበ። የመንዝ ነፋስ ደግሞ ይታወቃል፤ ያ ሁሉ ጨርቅ ሲርገበገብ ከሩቅ የሚያይ ሰው ሜዳው ሙሉ ልብስ የተሰጣ ይመስለው ነበር። ሳላስበው የእኔም ነጠላ እጄ ላይ ነበር።

ቤት ስገባ አባቴ መደቡ ላይ የበግ ፀጉር ባናቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከውጭ የሚሰማቸው የእግር ኮቴና የኳስ ድም ድምታ ብቻ ነበር።

"እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?" አሉኝ። "ዱሮ ኳስ ሲያንከባልሉ አገር ይበጠብጡ ነበር። አሁን ቀብር የሚቆፍሩ ነው የሚመስሉት።"

"ጊዜው ይሆናል አባዬ" አልሁ።

"የዘንድሮ ሰው ደስታ አልፈጠረበትም" አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከደጅ ስላለ ነገር ሲያወሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እንደ ቀላል ነገር አልፌ እሳቱን ቆሰቆስሁ፤ ልቤ ግን ዘሎ ነበር።

ሁለተኛው ዙር ከሜዳችን ውጭ ሆነ። አይሱዙ ላይ ተጭነው ሲሄዱ እኔም አብሬ ተጫንሁ፤ ለምን እንደሄድሁ ሲጠይቁኝ "ተማሪዎቼ ናቸው" አልሁ። እዚያ ማንም የሚከለክላቸው ስላልነበረ የታመቀ ጩኸታቸውን ሁሉ አወጡት። አሸንፈን ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ሲዘፍኑ መጥተው የእኛ መንደር መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ አምበሉ የመኪናውን ጣራ ነካ ነካ አደረገ። ሁሉም ጸጥ አሉ። ሾፌሩ እንኳ ጥሩምባውን ተወ። በዝምታ ወርደው በዝምታ ተበተኑ። ያን ጊዜ ጨለም ብሎ ስለነበር ፊቴን ያየኝ ሰው አልነበረም፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ ማጥመድ ጀመሩ። አይጠይቁም። ያጠምዳሉ። "ዛሬ ኳሷ ብዙ ጊዜ ቆመች" ይላሉ ግድግዳውን እያዩ። ወይም "እነዚያ ከእነማ ጋር ነው የሚለፉት?" ይላሉ፣ መልሱ እንደማያገባው ሰው። እኔም ተንኮለኛ ሆንሁ። ለእሳቸው መንገሬን ትቼ ለምድጃው እነግራለሁ፦ "አይ፣ ዛሬስ የእኛ ልጅ ኮርናውን እንዴት አድርጎ መታው!" እላለሁ ድስቱን እያማሰልሁ። አባቴ አልሰማሁም ለማለት ይስሉና "ላሟ ውኃ ጠጥታለች?" ይሉኛል። ትንሽ ቆይተው ግን "ኮርና የሚሉት ምንድን ነው?" ይላሉ። ከሜዳው ጥግ የሚመታ ምት መሆኑን እያስረዳሁ ሳለ ሳያውቁት ይጎርሳሉ። ይህን ካየሁ በኋላ ወሬዬን ከእራት ጋር ማቅረብ ለመድሁ፤ ጨዋታውን እስከ እንጀራው ማለቂያ ድረስ አስረዝመዋለሁ፤ የጎደለውንም ከራሴ እጨምርበታለሁ።

ሩብ ፍጻሜው ጉም የወረደበት ቀን ነበር። ከጓሳው ደጋ በኩል የሚመጣ ጉም እንደሆነ ሲመጣ አይነግርም፣ ሲሄድም አይሰናበትም። ኳሱን ያየነው መሀል ሜዳ ላይ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወደ ጉሙ ገባና ጠፋ። ድሮ ቢሆን ጎል ሲገባ ጩኸት ይነግርሃል። ዝም በተባለበት ሜዳ ማን ይንገርህ? የእኛ አጥቂ ያገባው ኳስ ጎል መሆኑን ራሱ የተረዳው፣ የተጋጣሚው በረኛ ኳሱን ከመረቡ ሲያወጣ ገመዱ እጁን ይዞ ስላስቀረው ነው። መረባችን ከጓሳ ሣር የተገመደ ስለሆነ የገባበትን በቀላሉ አይለቅም። ልጆቻችን ግን እንዲህ ባለው ቀን ይበረታሉ። በቃል መጠራራት ስለተዉ መተያየት ለምደዋል፤ አንዱ ሳይጠራው ሌላው ይደርስለታል። አሸነፉ። ይህን ለአባቴ ሳወራ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር አየሁ፤ እንዳላየ ሰው ሆኜ ሳህኑን አነሣሁ።

ግማሽ ፍጻሜው ከመርሐቤቴ ቡድን ጋር ነበር። ከዓለም ከተማ በኩል የመጡ ቆላ የለመዱ ልጆች ናቸው፤ ብርዳችን አንቀጠቀጣቸውና ማሊያቸውን ሹራብ ላይ ደርበው ገቡ። በእግራቸው ግን የሚያስቁ አልነበሩም። አንድ አገቡብን፣ አንድ አገባን፣ መሽቶ በፍጹም ቅጣት ምት ይለይ ተባለ። ጎሉ ደግሞ በቤታችን ወገን ያለው ነበር።

የቅጣት ምት በዝምታ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ያላየ አያውቀውም። እግር ኳሱን ሲመታ "ጧ!" ይላል፤ ከዚያ ምንም የለም። ገባም ሳተም ድምፁ አንድ ነው። እኔ ነጠላዬን ነክሼ ቆሜ ሳለ ዞር ብል፣ የቤታችን መስኮት መዝጊያ ገርበብ ብሏል። በስንጥቁ መሀል ነጭ ፂም ይታየኛል። መስኮቱ እኔ የቆምሁበትን የአጥር በር እንጂ ጎሉን አያሳይም፤ አጥሩና ባሕር ዛፉ ይጋርዱታል። እሳቸው የሚሰሙት "ጧ!" የሚለውን ብቻ ነበር፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ፂማቸው ወደ ስንጥቁ ይበልጥ ቀረብ ይላል። የመጨረሻውን ምት አምበላችን በደረቱ መለሰው። ነጠላው ሁሉ ተነሣ። እኔ አልቆየሁም፤ ወደ ቤት ሮጥሁ።

ስገባ መሀል ቤት ቆመዋል። ሳይጠይቁኝ አላሳለፉኝም።

"አለፍን ወይስ ወደቅን?"

"አለፍን" አሉ። "አለፉ" አላሉም። ራሴን ነቅንቄ ማለፋችንን ነገርኋቸው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። አባቴ ግን መደቡ ላይ ተመልሰው ተቀመጡና "አልፈው ነው እንዲህ ዝም ያሉት? እንኳን ለፍጻሜ ያለፈ፣ በግ የተወለደለት ሰውም ይጮኻል። ምን ያለ በድን ትውልድ ነው!" አሉ።

እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው። በእናቴም በኩል አይደለም የመጣው፣ በእሳቸው ነው።

"በድንስ አይደሉም!" አልሁ። "ለአንቱ ብለው ነው! ጥቁርዎን እንዳላወለቁ ልጆቹ ያውቃሉ፤ ከአጥርዎ ሥር አንጮኽም ብለው ነው። ዳኛው እንኳ ፊሽካ አይነፋም። ሴቶቹ እልል አይሉም። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ አገሩ በሙሉ አፉን ይዞ የሚያየው ለአንቱ ብሎ ነው። እርስዎ በድን ይሏቸዋል!"

እንዳልነግራቸው የተለመንሁትን ነገርሁ፤ ያውም በጩኸት። አባቴ ቀስ ብለው ተነሥተው መስኮቱን ገጠሙት። ሌሊቱን ሲገላበጡ ሰማኋቸው። ጠዋት እንዳኮረፉኝ ቁርሱን ሳቀርብላቸው ግን ቀና ብለው አዩኝ።

"ለእኔ ብለው ነው አልሽ?"

"አዎ አባዬ።"

"ለእሷም ጭምር ይሆናል" አሉና ጨመሩ፤ "የነፍስ አባታችን ደኅና ናቸው?"

ደኅና መሆናቸውን ያውቃሉ፤ እሑድ ዕለት ሲቀድሱ አይተዋቸዋል። ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ሻሼን እንኳ በወጉ ሳላስር ወደ ነፍስ አባታችን ቤት ገሠገሥሁ። አባ ዳዊታቸውን ከድነው ሰሙኝ፤ ፊታቸውም በራ። "ላኩሽ?" አሉኝ። እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ። ዳዊት ይዞ ለተቀመጠ ካህን መዋሸት ግን አልሆነልኝም። "አልላኩኝም፤ ደኅና ናቸው ወይ አሉኝ" አልሁ። አባ አንገታቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያስ ደኅና ነኝ በያቸው። ሲልኩብን እንመጣለን፤ ሽማግሎቹን ሦስተኛ በገዛ እጄ አላሳፍርም።" ቤት ተመልሼ "ደኅና ናቸው" አልኋቸው። አባቴ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። በማግስቱም "አባ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ ተሻላቸው?" አሉኝ። እንደገና ሄድሁ። ሁለቱ ሽማግሎች በእኔ እግር ሲኳረፉ ሰነበቱ። አንዱ መውጣት ይፈልጋል፣ አይልክም፤ አንዱ ማስወጣት ይፈልጋል፣ አይመጣም። አንድ ቀን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በንዴት አለቀስሁ። የፍጻሜው በዓል ሳይታሰብ ደረሰ።

ፍጻሜው በእጣ እኛ ሜዳ ላይ ነበር፤ ተጋጣሚያችን ግሼዎች። ጠዋት ከቅዳሴ ስንወጣ የእነሱ አይሱዙ ደረሰ፤ ተጫዋቹ ማሊያውን እንደለበሰ፣ ደጋፊውም ሽማግሌ ሳይቀር በላዩ ተጭኗል። አምበላችን እንደተለመደው ጠጋ ብሎ ስለ ጩኸቱ ነገራቸው። ከመካከላቸው የነበሩ አንድ ረዘም ያሉ ሽማግሌ ከመኪናው በድጋፍ ወርደው ሲሰሙ ቆዩና በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ።

"ታዲያ ይኸ ሁሉ ሲሆን እኛን ለኳስ ብቻ ነው የጠራችሁን?" አሉ። "ሐዘንተኛ ቤት አጠገብ ደርሰን፣ እግዜር ያጥናዎ ሳንል ኳስ ልንመታ? በሉ ልጆች፣ መጀመሪያ ለቅሶ እንድረስ።"

እኔ ሰልፉን ቀድሜ ለመድረስ በጓሮ ሮጥሁ። "እንግዳ መጣ!" ብዬ ስገባ አባቴ ገና ከመደቡ ሳይነሡ ቤቱ ሞላ። ታኬታ ያደረጉ ልጆች እንዳያዳልጣቸው ግድግዳውን ይዘው በየጥጉ ተደረደሩ። አንዳንዱ ቁምጣ ለብሶ ሐዘንተኛ ፊት መቀመጡ አሳፍሮት ጉልበቱን በእጁ ሸፍኗል። ሽማግሌው ግን አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

"እግዜር ያጥናዎ፣ ጌታዬ። ዘግይተን ደረስንዎ፤ አልሰማንም ነበር።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ይቀመጡ እንጂ" አሉ አባቴ።

"አንቀመጥም። እኛ ከሩቅ የመጣን እንግዶች ነን። ዋንጫውን እንውሰደው፣ እናንተ ውሰዱት፣ እሱን እግዜር ያውቃል። ከእርስዎ ቤት ግን ባዶ እጃችንን አይስደዱን። ይህን ጥቁር ይስጡንና እንሂድ..."

"እሺ" አሉ አባቴ።

ሽማግሌው ገና ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር። ወጉ ቢያንስ አንድ ሁለቴ እምቢ ማለት ነው፤ እሳቸው ግን ቃሉን ከአፋቸው ነጠቋቸው። እኔ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጥተውብኝ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ። አባቴም ፍጥነታቸው ራሳቸውን ሳያሳፍራቸው አልቀረም፤ አቀረቀሩ። ቀና ሲሉ ደጃፉ ላይ ከሰው ኋላ የቆሙትን የነፍስ አባታችንን አዩ።

"አባ፣ ይግቡ እንጂ። ምን ከውጭ ያቆምዎታል?"

"አልተላከብኝም ብዬ ነው" አሉ አባ።

"እነሆ ላክሁ።"

አባ ገቡ። ለካ አባቴ የሚታጠቡበትን ውኃ ከቤታቸው አስይዘው ኖሯል የመጡት። መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩ፤ ከግሼ ልጆች አንዱ፣ ዘጠኝ ቁጥር የለበሰው አጥቂ፣ ሥራው ፀጉር አስተካካይነት ስለነበረ መቀስ ጠየቀኝ። ማሊያውን እንደለበሰ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ፂም በቀስታ ሲከረክም ቤት ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ያይ ነበር። ከዚያ ነጭ ፂም ሥር የማውቀው አገጭ ብቅ አለ። እናቴ የፈተለችው ነጭ ጋቢ ከሣጥን ወጣ። ጥቁሩን ኮት ሽማግሌው አጣጥፈው በብብታቸው ያዙት። "በሉ እንግዲህ፣ ልጆቹ እግራቸው በረደ፤ እንውጣ" አሉ አባቴ። ወጣን። አባቴ በዋናው በር።

ሜዳው ዳር ወንበር ተደረገላቸው። ዳኛው የመጀመሪያውን ዙር ያጫወተው ያው ባለ ቱታ ነበር። ፊሽካውን ከኪሱ ሲያወጣ ሁላችንንም አየን፣ አባቴንም አየ፣ ከዚያ ነፋ። ግማሹ ሰው ደነገጠ። ሌላው ነገር ግን እንደ ወትሮው ሆነ። ዝምታውን ለምደነዋል። አፍ የሚከፍት ሰው ጠፋ፤ ሁሉም በአንድ ዓይኑ ኳሱን፣ በአንድ ዓይኑ ነጩን ጋቢ ያያል። ግሼዎችም እኛን እያዩ ዝም አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ጎል ገባ። ያገባው ያ ፀጉር አስተካካይ ነው። አባቴን የላጨው እጅ በደስታ ተነሣና መሀል ላይ ቆመ፤ አፉን በመዳፉ ከደነ። የግሼ ሰዎች ጋቢያቸውን ማንሣት ጀመሩ። ያን ጊዜ አባቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጆቼ" አሉ። ድምፃቸው መጀመሪያ ላይ ሰለለ፤ ቆይቶ ወጣ። "ዝም ስላላችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ጩሁልኝ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጽሑፍ ማድረስ አልችልም። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። የገባው በእኛ ላይ መሆኑን ማን አሰበ? የእኛም ሰው፣ የእነሱም ሰው፣ ጎል የገባበት አምበላችን ራሱ ኳሱን ከመረብ ሳያወጣ እጁን ዘርግቶ ይጮኻል። በገዛ መሸነፊያችን ላይ እልል ያልን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። በኋላ አንድ አግብተን እኩል ሆንን፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ያው ዘጠኝ ቁጥር ደገመን። ዋንጫውን ግሼዎች ወሰዱ። አባቴ ሄደው እያንዳንዳቸውን ሳሟቸው፤ የእኛን ልጆች ግን አንድ በአንድ አቅፈው ቆዩ፤ አምበሉን ሲያቅፉ የተናገሩትን እሱም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሰው ተበትኖ እኔና አባቴ ብቻ ቀረን። ወደ ቤት ስንመለስ መሀል ሜዳ ላይ ቆም አሉ።

"እኩል የሆንን ጊዜ እልል ስትይ ሰማሁሽ" አሉኝ።

እኔ እልል ብዬ አላውቅም ነበር። ሠርግ ላይ እንኳ አፍራለሁ። ያን ጊዜ ከየት እንደወጣልኝ እንጃ።

"የእናትሽ ድምፅ ነው። ቁርጥ የእሷ።"

ደነገጥሁ። "ከፋዎት አባዬ?"

"የለም" አሉ። ዓይናቸው ሞልቷል፤ ግን አላዞሩትም። "እስቲ ድገሚልኝ።"

"ሜዳው ባዶ ነው እኮ። ሰው ምን ይለናል?"

"ይበል።"

ነጠላዬን ወደ ኋላ ጥዬ ባዶው ሜዳ ላይ እልል አልሁ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ያን ሰዓት የግሼዎቹ መኪና ዳገቱ መታጠፊያ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሰምተውኝ ኖሮ ከላዩ ላይ በእልልታ ተቀበሉኝ።